ናፍጣ ወይስ ቤንዚን? አራዳና ፒያሳ ላይ ሆኖ የቅንጦት መኪና ለሚገዛ ሰው መመሪያ

የቅንጦት መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው ስለ ቀለሙ፣ ስለ ቆዳ ወንበሩና ስለ ዋጋው ተነጋግሮ ሲያበቃ የሚቸገረው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ናፍጣ ይሻላል ወይስ ቤንዚን? ደላላው በእጁ ያለውን ያመሰግናል፣ ጎረቤት የራሱን ያመሰግናል። "ናፍጣ ጠንካራ ነው"፣ "ቤንዚን ድምፁ አይሰማም"፣ "ናፍጣ አይጠጣም" የሚሉት አባባሎች ሁሉም እውነት አለባቸው። ነገር ግን መኪናው በምን ዓይነት መንገድ፣ በምን ዓይነት ነዳጅ፣ በስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንደሚነዳ አይናገሩም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው አራዳና ፒያሳ አካባቢ ለሚኖር ወይም ለሚሠራ፣ ላንድክሩዘር፣ ፕራዶ፣ ሌክሰስ፣ መርሴዲስ ወይም ሬንጅ ሮቨር ለመግዛት ላሰበ ሰው ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የሚገዙት አገር ውስጥ ያለውን፣ ሌላ ሰው ሲነዳው የኖረውን መኪና ነው። ስለዚህ ሞተሩን ሲመርጡ የቀድሞ ባለቤቱን አያያዝም አብረው እየገዙ መሆኑን አይርሱ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ሳምንቱን ሙሉ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በሜክሲኮ መካከል ሲመላለስ ለሚከርም ሰው የጥላሸት ማጣሪያ የተገጠመለት ዘመናዊ ናፍጣ አይሆነውም። በወር ሁለትና ሦስት ጊዜ ዓባይን ለሚሻገር ደግሞ ትልቅ የቤንዚን ሞተር ኪስ ይጎዳል። ከሁለቱ በአንዱ ውስጥ ራስዎን ካላገኙ ቀጥሎ ያሉትን ደረጃዎች በተራ ይከተሉ።

1. መኪና ከማየትዎ በፊት መንገድዎን ይመዝግቡ

ለሁለት ሳምንት ያህል፣ በአሁኑ መኪናዎም ሆነ በታክሲ፣ የሄዱበትን ሁሉ ስልክዎ ላይ ይጻፉ። የሚመዘገበው ሦስት ነገር ነው፦ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዱ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ከዚያ ውስጥ ሳይቆሙ በአንድ ወጥ ፍጥነት የተጓዙት ስንት ደቂቃ ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ምርጫውን የሚወስነው ግን እሱ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ ብልጭታ ነው። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ አየሩን አጥብቆ ጨምቆ በሚፈጠረው ሙቀት ነው የሚያነደው። ከነዳጁ ብዙ ጉልበት ስለሚያወጣ የሚባክነው ሙቀት ያንሳል፣ በዚህም የተነሣ ቀስ ብሎ ይሞቃል። ጧት ከሰሜን ሆቴል ተነሥቶ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ በጊዮርጊስ ዞሮ ማዘጋጃ ቤት አጠገብ የሚያቆም ሰው ናፍጣውን በደንብ ሳይሞቅ ያጠፋዋል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ዘይቱ ቶሎ ይቆሽሻል፣ በአየር ማስገቢያውና በጭስ መመለሻው ቫልቭ ላይ ጥላሸት ይጋገራል፣ ባትሪው ይደክማል። ቤንዚን ሞተርም ቢሆን አጭር መንገድ አይወድም፤ ግን ቶሎ ስለሚሞቅ የተሻለ ይታገሠዋል።

ምዝገባዎ በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቋረጥ እንደሚነዱ ካሳየ፣ ለምሳሌ በአዳማ ፈጣን መንገድ ወይም በሱሉልታ በኩል፣ ናፍጣ ከምርጫዎ አይወጣም። እንዲህ ያለ ጉዞ ከሌለ ወደ ቤንዚን ያዘንብሉ።

እዚህ ላይ በብዛት የሚሠራው ስሕተት ለበዓል ጉዞ ተብሎ መኪና መግዛት ነው። ለጥምቀት ጎንደር፣ ለገና ላሊበላ መሄድ ደስ ይላል። ነገር ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚደረግ ጉዞ ብሎ የቀረውን ዓመት የማይመች ሞተር ይዞ መክረም አይገባም። ለእነዚያ ሁለት ጉዞዎች መኪና መከራየት ይረክሳል።

2. "ናፍጣ ነው ቤንዚን?" ከማለትዎ በፊት "ቱርቦ አለው?" ብለው ይጠይቁ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ሲወጡ ከ3,000 ሜትር ያልፋሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሲሊንደሩ የሚሞላው በዚሁ ስስ አየር ስለሆነ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ የሚጠጋውን እዚህ ያጣል። ለምሳሌ ቱርቦ የሌለው የፕራዶ 2.7 ሊትር ቤንዚን ሞተር በወረቀት 163 የፈረስ ጉልበት ነው። ሰው ሞልቶ ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ ሲወጣ ግን በእጅዎ ያለው ከ120 ብዙ አይበልጥም። ሁለት ቶን ለሚያልፍ መኪና ይህ ትንሽ ነው። "ቤንዚኑ አይስብም" የሚባለው ወቀሳ ባብዛኛው የመጣው እንዲህ ካለው ሞተር ነው።

ቱርቦ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ የከፍታውን ጉዳት በአብዛኛው ይክሳል። በቅንጦት መኪኖች ላይ የሚያገኙት ናፍጣ ሁሉ ማለት ይቻላል ባለ ቱርቦ ነው፤ "ናፍጣ ዳገት ይወዳል" የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። በቅርብ ዓመታት የተሠሩት መርሴዲሶችና ቢኤምደብሊውዎች ቤንዚናቸውም ባለ ቱርቦ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ላንድክሩዘር 300 እንኳ የ3.5 ሊትር ቤንዚኑም የ3.3 ሊትር ናፍጣውም ሁለት ሁለት ቱርቦ አላቸው። ስለዚህ ቱርቦ ያለውን ቤንዚን ቱርቦ ካለው ናፍጣ ጋር እንጂ "ቤንዚን" በሚል ስም ብቻ ጠቅልለው አያወዳድሩ። ቱርቦ የሌለው ቤንዚን የሚመርጡ ከሆነ ሞተሩ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ባለ 4.0 ሊትሩ ፕራዶ ወይም ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ላንድክሩዘር ሩቡን ቢያጣ እንኳ የሚተርፈው አለው።

ባለ ቱርቦ ቤንዚን ሲገዙ የነዳጅ መሙያውን ክዳን ከፍተው ከውስጥ የተለጠፈውን ያንብቡ። ከ95 ኦክቴን በታች አትጠቀም የሚል ከሆነ ነገሩን አክብደው ይዩት፤ ማደያዎቻችን የኦክቴን ምርጫ አያቀርቡም። ሞተሩ ራሱን ለመጠበቅ ጉልበቱን ይቀንሳል፣ ፍጆታው ይጨምራል፤ አብዝተው ሲጭኑት ደግሞ ማንኳኳት ሊጀምር ይችላል።

3. የጥላሸት ማጣሪያ መኖሩን ያረጋግጡ

በናፍጣ ላይ ትልቁ የገንዘብ ወጥመድ ይህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልሂድበት።

ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ ዘመናዊ ናፍጣ መኪኖች ዲፒኤፍ የሚባል የጥላሸት ማጣሪያ በጭስ ማውጫቸው ላይ አላቸው። ማጣሪያው ጥላሸቱን ይይዛል። ሲሞላ መኪናው ራሱ የጭሱን ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ ከፍ አድርጎ ያቃጥለዋል። ለዚህ ሥራ ሞተሩ በደንብ መሞቅ፣ መኪናውም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ሳይቆም መሄድ አለበት። በፒያሳ የትራፊክ መብራት ላይ የተጀመረ ማቃጠል አያልቅም፤ ሞተሩ ሲጠፋ ይቋረጣል። ለማሞቂያ የተረጨው ትርፍ ናፍጣ ሳይነድ ቀርቶ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ይህን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ፤ የዘይት መለኪያውን ስበው ሲያወጡ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ከተገኘና ሲሸት ናፍጣ ናፍጣ ካለ፣ ያ መኪና በከተማ ውስጥ ብቻ ሲነዳ ኖሯል ማለት ነው። ዘይት ሲጨምር ሰው ደስ ይለዋል፤ እዚህ ግን መጥፎ ምልክት ነው።

ሌላው የሰልፈር ነገር ነው። እነዚህ መኪኖች የተሠሩት በአንድ ሚሊዮን ውስጥ ከ10 እጅ ያልበለጠ ሰልፈር ላለው የአውሮፓ ናፍጣ ነው። ሰልፈሩ ከዚያ በበዛ ቁጥር ማጣሪያው ቶሎ ይታፈናል። አንዳንዶቹ መርሴዲሶች፣ በተለይ ብሉቴክ የሚል ጽሑፍ ከኋላ ያለባቸው፣ አድብሉ የሚባል ፈሳሽም ይፈልጋሉ፤ ፈሳሹ ካለቀ መኪናው አስጠንቅቆ አስጠንቅቆ በመጨረሻ አልነሣም ይላል። ከመግዛትዎ በፊት አድብሉን ከማን እንደሚገዙ ይወቁ።

ለአፍሪካ ገበያ የተሠሩት ናፍጣ ላንድክሩዘሮችና ፕራዶዎች ብዙዎቹ ይህ ማጣሪያ የላቸውም፤ ለአገራችን ነዳጅ የሚስማሙትም እነርሱ ናቸው። ስለዚህ "ናፍጣ ፕራዶ" ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ለየትኛው ገበያ ነው የተሠራው ብለው ይጠይቁ።

ማጣሪያው ሲታፈን አንዳንድ ጋራዦች "እንቁረጠውና ባዶ እናድርገው" ይላሉ። እንዳይስማሙ አጥብቄ እመክራለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም የናፍጣን ጭስ በ2012 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ በመጀመሪያው ምድብ አስቀምጦታል። በፒያሳ የእግረኛ መንገዶች ላይ ሕፃናት የሚሄዱት ፊታቸው ከጭስ ማውጫችን ጋር ትክክል ሆኖ ነው። ማጣሪያውን ቆርጦ ናፍጣ ከመንዳት ቤንዚን መግዛት ይሻላል። ሊገዙት ያዩት መኪና ማጣሪያው ተቆርጦ እንደሆነ ለማወቅ ከሥሩ ገብቶ አዲስ የብየዳ መስመር መኖሩን የሚያይ፣ ኮምፒዩተሩንም የሚያነብ ባለሙያ ይዘው ይሂዱ። የጭስ ማውጫውን አፍ ውስጡን በነጭ ሶፍት ይጥረጉ፤ ማጣሪያው የሚሠራ መኪና ሶፍቱን እምብዛም አያጠቁረውም።

4. ሻጩን ከመስማት የሞዴል ሰሌዳውን ያንብቡ

ሻጩ ተሳስቶም ሆነ ሆን ብሎ ስለ ሞተሩ የተለየ ነገር ሊነግርዎ ይችላል። ሰሌዳው ግን ከፋብሪካ የወጣውን ይናገራል። ቶዮታ ላይ ኮፈኑን ሲከፍቱ ወይም የሾፌሩን በር ሲከፍቱ በምሰሶው ላይ ያገኙታል። የሞዴሉ መነሻ ፊደላት ሞተሩን ይነግሩዎታል።

ላንድክሩዘር 200 ላይ ቪዲጄ ከሆነ የ4.5 ሊትር ናፍጣ ነው፤ ዩአርጄ ወይም ዩዜድጄ ከሆነ ቤንዚን ነው። ፕራዶ 150 ላይ ኬዲጄ የ3.0 ሊትር ናፍጣ፣ ጂዲጄ ኋላ የመጣው የ2.8 ሊትር ናፍጣ፣ ጂአርጄ የ4.0 ሊትር ቤንዚን፣ ቲአርጄ ደግሞ ያው ደከም የሚለው የ2.7 ሊትር ቤንዚን ነው። መርሴዲስና ቢኤምደብሊው ላይ ከቁጥሩ በኋላ የምትመጣው ዲ ናፍጣን ታመለክታለች። የኋላውን ጽሑፍ ብቻ አይመኑ፤ ተነቅሎ ሌላ ሊለጠፍበት ይችላል።

ሰሌዳው ቤንዚን እያለ ኮፈኑ ሥር ናፍጣ ካገኙ ሞተሩ ተቀይሯል። እንዲህ ያለውን መኪና በቅንጦት መኪና ዋጋ አይግዙ።

5. ሒሳቡን በራስዎ ቁጥር ይሥሩ

ከውጭ አገር የሚመጣ ምክር ብዙ ጊዜ ናፍጣ በሊትር ይረክሳል ብሎ ይነሣል። እኛ ጋ የሁለቱ ዋጋ ተቀራራቢ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም፣ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ተለዋውጧል፤ እርስዎ የዕለቱን ይያዙ። የናፍጣ ትርፍ ያለው በሊትር ዋጋው ላይ ሳይሆን በአንድ ሊትር ብዙ በመሄዱ ላይ ነው።

እንዲህ ያስሉ። አንድ ዓይነት ሁለት መኪና አይተው ናፍጣው በ600,000 ብር ይወደዳል እንበል። በከተማ ውስጥ ናፍጣው በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ያድናል፣ የሊትር ዋጋ ደግሞ ለሒሳቡ እንዲመች 100 ብር ይሁን። በዓመት 9,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ የፒያሳ ነዋሪ የሚያድነው 450 ሊትር፣ ማለትም 45,000 ብር ነው። ልዩነቱን ለመመለስ ከ13 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር በክፍለ ሀገር መንገድ የሚነዳ ነጋዴ በ100 ኪሎ ሜትር 4 ሊትር ቢያድን እንኳ 120,000 ብር ይሆናል፤ በ5 ዓመት ተመለሰ። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፤ በራስዎ ይተኳቸው።

ሁለት ነገር ይጨምሩበት። አንደኛው ናፍጣ ላንድክሩዘር ሲሸጥ ዋጋውን ይዞ ስለሚቆይ ከከፈሉት ልዩነት ከፊሉ ይመለሳል። ሁለተኛው የኢንጄክተር ነገር ነው። ባለ ስምንት ሲሊንደር ናፍጣ ስምንት ኢንጄክተር አለው። የአንዱን የዛሬ ዋጋ ከመካኒክዎ ጠይቀው በስምንት ያባዙ፤ ያንን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ማውጣት የማይችሉ ከሆነ ያንን ሞተር አይግዙ።

እውነተኛውን ፍጆታ ለማወቅ ደግሞ ጥሩ መንገድ አለ። ነዳጅ በቴሌብር መከፈል ከጀመረ ወዲህ የሻጩ ስልክ ምስክር ሆኗል። "ባለፉት ሦስት ወራት ስንት ብር ነዳጅ ቀድተዋል? እስቲ ያሳዩኝ" ይበሉት። ከዳሽቦርዱ ኪሎ ሜትርና ከሰርቪስ ወረቀቱ ቀን ጋር ሲያስተያዩት "አይጠጣም" የተባለው መኪና ስንት እንደሚጠጣ ይታወቃል።

6. ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ ያግኙት

ቀጠሮውን ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ያድርጉ፣ ሻጩንም "እኔ ሳልመጣ አያስነሡት" ይበሉት። በኅዳርና በታኅሣሥ ከሆነ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ የአዲስ አበባ ብርድ የሞተርን ድካም ያጋልጣል። ሲደርሱ ሰላምታ እንደተለዋወጡ እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ። ሞቅ ካለ መኪናው ተነሥቶ ነበር ማለት ነው፤ ሌላ ቀን ይመለሱ።

ናፍጣ ከሆነ ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን የዳሽቦርዱ መብራቶች እስኪበሩ ብቻ ያዙሩና ይዩ። የተጠማዘዘ ሽቦ የምትመስል ቢጫ ምልክት በርታ ትጠፋለች፤ ማሞቂያዎቹ እየሠሩ ነው። ከዚያ ያስነሡት። ጤነኛ ናፍጣ ወዲያው ይነሣል፣ ለጥቂት ሰከንዶች ጮክ ብሎ ይረጋጋል። እያንቀጠቀጠ፣ የናፍጣ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ እያወጣ ከቆየ ማሞቂያው፣ ኢንጄክተሩ ወይም የሞተሩ ጭመቃ ደክሟል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው። ነዳጅ ሲሰጡት ጥቁር ጭስ የሚተፋ ከሆነ አየር አንሶታል ወይም ነዳጅ በዝቶበታል፤ የቱርቦ ቱቦ ተቀዶ ወይም ኢንጄክተር እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው ሳያነሡ በቦታው ላይ ያስቀምጡት። ትንሽ መንቀጥቀጥ የተለመደ ነው። ክዳኑ እየዘለለ ጭስ ከሥሩ የሚወጣ ከሆነ ፋሻው አልቋል፤ "ሞተሩ ያልተነካ ነው" የሚለው የደላላ ቃል ከዚህ በኋላ ዋጋ የለውም።

በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዙ የዘመኑ ናፍጣዎች ነዳጁን የሚረጩት ከ1,600 ባር በላይ በሚደርስ ግፊት ነው። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ የነዳጅ ቧንቧ በእጅዎ አይንኩ፣ መካኒኩም ቧንቧ እያላላ "የትኛው ሲሊንደር እንደማይሠራ ልፈትሽ" ካለ ያስቁሙት። ያ ዘዴ ለድሮ ሞተር ነው፤ በዚህኛው ላይ ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል።

ቤንዚን ከሆነ የሚሰሙት ከናፍጣው ይቀላል። ሲነሣ ከፊት በኩል የሰንሰለት መንኮሻኮሽ ካለ፣ በተለይ በአውሮፓ መኪኖች ላይ፣ ወጪው ከባድ ነው። በመኪናው ኮምፒዩተር ላይ ማንበቢያ ያስገጥሙና በየትኛውም ሲሊንደር ላይ መዝለል ተመዝግቦ እንደሆነ ይዩ። ስሕተቱ ትናንት ከኮምፒዩተሩ ላይ ተሰርዞ ከሆነ ማንበቢያው ራሱ ያሳያል።

ለሁለቱም የራዲያተሩን ክዳን፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ፣ ከፍተው ላስቲኩን ይዩ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሞተርዎን ከመፍላት የሚያድነው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። የተሰነጠቀ ላስቲክ የእንጦጦን ዳገት አያሻግርም። ውሃው ላይ የዘይት ቅባት ከተንሳፈፈ ደግሞ የቴስታታው ጋርኒሲዮን ተነክቷል፤ አመስግነው ይሰናበቱ።

7. ዳገት ላይ ይፈትኑት

ፒያሳ ለዚህ የታደለች ናት። ከምኒልክ አደባባይ ተነሥተው ቸርችልን ቁልቁል እስከ ለገሀር ይውረዱ፤ ሞተሩ በመጠኑ ይሞቃል፣ ፍሬኑንም ያዩታል። ከዚያ ዞረው ያንኑ ዳገት ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ይውጡ። መብራት ላይ ቆመው ሲነሡ መኪናው ሳያመነታ መነሣት አለበት። ናፍጣም ሆነ ቱርቦ ቤንዚን ትንሽ ዘግይቶ "መጣ" የሚል ስሜት ቢሰጥ የቱርቦው ጠባይ ነው። ከመጣ በኋላ ግን መሃል ላይ ቢያቋርጥ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ብርቱካናማ የሞተር ምልክት በርቶ ጉልበቱ እንደታሰረ ቢሆን፣ ጉዳዩ የሻጩ እንጂ የእርስዎ አይሁን።

የአንድ ዳገት ፈተና አይበቃም። በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ሱሉልታ ይውጡ። ረጅሙ ሽቅብ ላይ የሙቀት መለኪያው ከመሃሉ እንዳይንቀሳቀስ በዓይንዎ ይጠብቁት፣ አየር ማቀዝቀዣውንም ይክፈቱበት። ሻጩ ያን ያህል ርቀት አልሄድም ካለ የነዳጁን ልክፈል ይበሉ። ያም ሆኖ እንቢ ካለ ምክንያት አለው።

8. መካኒኩን ከመኪናው በፊት ያግኙ

ብዙ ሰው መኪናውን ገዝቶ ነው መካኒክ የሚፈልገው፤ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። አንድን ሞተር "የሚያውቅ" ሰው ማለት ያንን ሞተር ፈትቶ ገጥሞ የሚያውቅ ማለት ነው። ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ከዚህ ሞተር ዓይነት ስንት ሠርተሃል፤ የኢንጄክተር መፈተሻ ማሽን አለህ ወይስ ወደ ሌላ ትልካለህ፤ የዚህን መኪና ኮምፒዩተር የሚያነብ መሣሪያ አለህ?

ቀጥለው ሶማሌ ተራ ይሂዱ። የሚፈልጉት መግዛት ሳይሆን ዋጋ መጠየቅ ነው። ለሚያስቡት መኪና የነዳጅ ፊልትሮ፣ የአንድ ኢንጄክተርና የቱርቦ ዋጋ፤ ቤንዚን ከሆነ የካንዴላ፣ የኮይልና የነዳጅ ፓምፕ ዋጋ። ለቶዮታ ናፍጣ በየሱቁ "አለ" ይሉዎታል፣ ዋናውንና ኮፒውን ለይተው። ለብዙዎቹ የአውሮፓ መኪኖች "እናስመጣልዎታለን" የሚለው መልስ ይበዛል። በዚህ መልስ ላይ የሚያልፈው ሳምንት መኪናዎ የሚቆምበት ሳምንት ነው። ለዚህ ነው በአውሮፓ የቅንጦት መኪኖች ላይ በደፈናው ወደ ቤንዚኑ የማዘነብለው፤ የሚበላሽ ነገር ቢኖርም ቢያንስ ዲፒኤፉና አድብሉ አይኖሩበትም።

9. ወረቀቱ

ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር አንድ መሆኑን በእጅ ባትሪ እያበሩ በዓይንዎ ያስተያዩ። የሞተር ቁጥሩ የተፋቀ ወይም በሌላ ቅርጽ የተመታ ከሆነ ዋጋው ምንም ቢረክስ አይግዙ። ቦሎው የታደሰ መሆኑን፣ የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ አለመኖሩን ከመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ሳያረጋግጡ ቀብድ አይስጡ።

10. የመጀመሪያው ወር

የገዙት ናፍጣ ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት የነዳጅ ፊልትሮውን ይቀይሩ፤ ቀያሪው የድሮውን ከፍቶ ውስጡን እንዲያሳይዎ ያድርጉ። ውሃ ወይም ዝገት ከተገኘ ሳልባትዮው ይታጠብ። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን የውሃ ማፍሰሻ በየወሩ ላላ አድርገው ያፍስሱ። ከከተማ ውጭ ነዳጅ ቢያጥርም በመንገድ ዳር በጀሪካንና በሃይላንድ የሚሸጠውን አይቅዱ፤ ከነጭ ጋዝ ጋር የተቀላቀለ ናፍጣ ቅባት ስለሌለው የግፊት ፓምፑን ይበላዋል። ማጣሪያ ያለው ከሆነ በየሳምንቱ አንድ ቀን ለግማሽ ሰዓት ከከተማ ያውጡት፣ ማቃጠል ሲጀምርም እስኪጨርስ አያጥፉት።

ቤንዚን ከሆነ ዘይቱን፣ ካንዴላውንና የአየር ማጣሪያውን ይቀይሩ። በየመቶ ኪሎ ሜትሩ የሚፈጀውን ለአንድ ወር ይመዝግቡ፤ በኋላ ፍጆታው በድንገት ሲጨምር መነሻ ይኖርዎታል።

ማደያ ላይ የነዳጁን ዓይነት ሁልጊዜ ጮክ ብለው ይናገሩ፣ ቀጂው ማንቆርቆሪያውን ሲያነሣም ይመልከቱ። የናፍጣው አፍ ሰፊ ስለሆነ ወደ ቤንዚን መኪና በቀላሉ አይገባም፤ የቤንዚኑ ግን በናፍጣ መኪና ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፣ ስለዚህ አደጋው የናፍጣ ባለቤት ላይ ያመዝናል። ስሕተቱ ከተፈጠረ ሞተሩን አያስነሡ፣ ቁልፉንም አያዙሩ፤ ቁልፉ ብቻ ሲዞር በሳልባትዮው ውስጥ ያለው ፓምፕ ቤንዚኑን ወደ ፊት ሊገፋው ይችላል። መኪናውን በሰው አስገፍተው ከመሙያው ያርቁት፣ መካኒክ ጠርተው ሳልባትዮውን እዚያው ያስቀዱት፣ ፊልትሮውንም ያስቀይሩ። ቁልፉ ካልዞረ ጉዳቱ በዚሁ ያበቃል።